ያጨበጨበው ተመልካች የት ገባ?

ኦክቶበር 25 ቀን 2013፣ ዓርብ ማታ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ካይሮ ገና ከሰዓት እላፊ አልተላቀቀችም። ሰው ቤቱ ገብቶ ቴሌቪዥኑን ከፍቷል። ለወራት ከስክሪን ጠፍቶ የከረመው ባሴም ዩሱፍ የሚመለሰው በዚያ ምሽት ነው። የግብፅ ተመልካች አንድ ነገር ለማወቅ ጓጉቷል፦ ይህ ሰው አሁንስ በማን ይቀልድ ይሆን?

ጥያቄው ተራ ጥያቄ አልነበረም። ባሴም ወራቱን ሙሉ ሲሳለቅባቸው የነበሩት ፕሬዚዳንት ሞሐመድ ሙርሲ ከሥልጣን ተነስተው ታስረዋል። ያነሷቸው የጦር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አብዱልፈታህ አል ሲሲ ደግሞ አገር አዳኝ ተብለው ፎቷቸው በየሱቁና በየመኪናው ተለጥፏል። የሙርሲ ደጋፊ የነበሩ ጣቢያዎች ተዘግተዋል። በቀሩት ጣቢያዎች ስለ ጄኔራሉ የሚወራው ውዳሴ ብቻ ነው።

ባሴም በዚያ ምሽት ጄኔራሉን ራሳቸውን እምብዛም አልነካም። የነካው ሕዝቡ ለእሳቸው ያሳየውን ፍቅር ነው። ምስላቸው የታተመበት ቸኮሌት እየተሸጠ ነበርና በቸኮሌቱ ተሳለቀ። ስለ እሳቸው ሲያወሩ እንደ አዲስ ሙሽራ በሚሽኮረመሙት የቴሌቪዥን ሰዎችም ተሳለቀ። የሙርሲን ደጋፊዎችም አልማረም። ራሱንም ቢሆን።

ውሎ ሳያድር ለዐቃቤ ሕግ አቤቱታ ገባበት። ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው ሲቢሲ የተባለው የግብፅ የግል ጣቢያም በማግስቱ መግለጫ አወጣ። ጣቢያው ከብሔራዊ ስሜትና ከሕዝብ ፈቃድ ጎን እንደሚቆም፣ የመንግሥትን ምልክቶች ለሚነካ ሽሙጥም ቦታ እንደሌለው አሳወቀ። በሳምንቱ፣ ኖቬምበር 1፣ ሁለተኛው ክፍል ሊተላለፍ ጥቂት ሲቀረው ፕሮግራሙ ታገደ።

እገዳው ብቻውን ብዙ አያስገርምም። በዚያ አገር የታገደ ፕሮግራም እሱ የመጀመሪያው አልነበረም። የሚያስገርመው ተመልካቹ ነው። ሰባት ወር ቀደም ብሎ ይኸው ሰው ዐቃቤ ሕግ ፊት ሲጠራ ብዙ ሕዝብ ከጎኑ ቆሞ ነበር። አሁን ግን ከዚያው ሕዝብ መሐል «ደግ አደረጉ» የሚለው በዛ፤ ሌላው ደግሞ ዝም አለ። ያጨበጨበው ተመልካች የት ገባ?

የዚህ ጥያቄ መልስ የአንድን ግብፃዊ ቀልደኛ ዕጣ ብቻ የሚነግረን አይደለም። ስላቅ በአንድ አገር ሥር የሚሰደው ወይም የሚደርቀው ለምን እንደሆነም ይነግረናል።

ከልብስ ማጠቢያ ክፍል እስከ ቲያትር ቤት

ባሴም ዩሱፍ በትምህርቱ የልብ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። በጃንዋሪ 2011 አብዮቱ ሲፈነዳ ታህሪር አደባባይ ወርዶ ቁስለኞችን ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ነበር። አደባባዩ ላይ በዓይኑ ያየውና የመንግሥት ቴሌቪዥን የሚያወራው ግን ለየቅል ነበሩ። በመንግሥት ጣቢያዎች ሰልፈኛው የውጭ ኃይል ተላላኪ ነው፤ አገር ሊያፈርስ የመጣ ነው። ሙባረክ ፌብሩዋሪ 11 ቀን ከወረዱ በኋላ እነዚያው አቅራቢዎች ቀለማቸውን ቀይረው የአብዮቱ አድናቂ ሆነው ብቅ አሉ።

ባሴም በማርች 2011 ከአፓርታማው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንድ ካሜራና አንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ አጫጭር ቪዲዮዎችን ዩቲዩብ ላይ መጫን ጀመረ። ዘዴው ቀላል ነበር። የአቅራቢውን የትናንት ንግግር ያሳያል፤ ቀጥሎ የዛሬውን ያሳያል፤ ከዚያ ካሜራውን አይቶ ቅንድቡን ከፍ ያደርጋል። ዘዴውን የቀዳው ከአሜሪካዊው ጆን ስቱዋርት እንደሆነ ራሱ በግልጽ ይናገር ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ቪዲዮዎቹ በሚሊዮኖች ታዩ።

የዚያን ጊዜ ተመልካች ለምን ወደደው? ሳቁ አንዱ ምክንያት ነው። ዋናው ግን ሰው ያየውን ነገር እንዳላየ እንዲቆጥር ሲነገረው ኖሮ፣ «አይ፣ አልተሳሳትክም፣ ያየኸው ልክ ነው» የሚለው ሰው ማግኘቱ ነው። የስላቅ ዜና ኃይሉ እዚህ ላይ ነው። አዲስ መረጃ አያመጣም፤ ሁሉም የሚያውቀውን ማንም በአደባባይ ያላለውን ይናገራል።

በዚያው ዓመት ኦን ቲቪ የተባለ ጣቢያ ቀጠረው። «ኤል በርናሜግ»፣ በእኛ ቋንቋ «ፕሮግራሙ»፣ ተወለደ። በኖቬምበር 2012 ወደ ሲቢሲ ተሻገረ፤ መቅረጫውም ካይሮ መሐል ከተማ የሚገኘው የራዲዮ ቲያትር ሆነ። የስቱዲዮ ታዳሚ ቁጭ ብሎ እየሳቀ የሚቀረጽ የፖለቲካ ስላቅ በአረቡ ዓለም አዲስ ነገር ነበር። በየሳምንቱ 30 ሚሊዮን ያህል ሰው ይመለከተዋል ይባል ጀመር።

ወደ ሲቢሲ ሲሻገር የመጀመሪያው ትልቅ ቅሬታ ከገዛ አድናቂዎቹ መጣ። ጣቢያው ከአሮጌው ሥርዓት ጋር ንክኪ ባላቸው ባለሀብቶች የተያዘ ነው ተብሎ ይታማ ነበርና «እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?» አሉት። መልሱን በመጀመሪያው ክፍል ሰጠ፤ የገዛ ጣቢያውን ዋና ዋና አቅራቢዎች አንድ በአንድ ተረበባቸው። ተመልካቹ ሳቀ፤ እምነቱንም መለሰለት።

የሙርሲ ዓመት

የሲቢሲው የመጀመሪያ ክፍል የተላለፈው ኖቬምበር 23 ቀን 2012 ነው። ከአንድ ቀን በፊት ፕሬዚዳንት ሙርሲ ውሳኔዎቻቸው በፍርድ ቤት እንዳይመረመሩ የሚያደርግ ሕገ መንግሥታዊ አዋጅ አውጥተው ነበር። አገር ለሁለት ተከፈለ። በዚህ መሐል ነው ባሴም በየዓርቡ ማታ ብቅ የሚለው።

ሙርሲ ለቀልደኛ የሚመቹ ሰው ነበሩ። ረጅም ንግግር ይወዳሉ፤ እንግሊዝኛና አረብኛ ያቀላቅላሉ። በማርች 2013 ፓኪስታን ሄደው የክብር ዶክትሬት ሲቀበሉ ያጠለቁት ባርኔጣ ባሴም እጅ ሲደርስ መጠኑ በብዙ እጥፍ አደገ። በሃይማኖት ጣቢያዎች ላይ የሚሰብኩ ሰዎችም አልቀሩለትም። ሰባኪው የተሳደበውን ራሱን ያሳያል፤ ከዚያም «ሃይማኖትን የሚያዋርደው ማነው? እኔ ነኝ ወይስ ይህ?» የሚል ጥያቄ ለተመልካቹ ይተውለታል።

በዚህ ጊዜ የተመልካቹ አስተያየት በሦስት ይከፈል ነበር።

አንደኛው ወገን ያደንቀዋል። ፕሬዚዳንት በቴሌቪዥን ሲተረብ ማየት በራሱ የአብዮቱ ፍሬ ነው ይላል። በሙባረክ ዘመን በሹክሹክታ የሚወራ ቀልድ አሁን በአደባባይ ሲነገር መስማት ለዚህ ወገን ነፃነት ማለት ይህ ነው።

ሁለተኛው ይቆጣል። ለሙርሲ ደጋፊ ፕሬዚዳንቱ በምርጫ የመጡ የመጀመሪያው መሪ ናቸው፤ በእሳቸው መቀለድ የመረጣቸውን ሕዝብ ድምፅ ማዋረድ ነው። በዚያ ላይ ቀልዱ ሃይማኖትን ይነካል ብሎ ያምናል።

ሦስተኛው መሐል ላይ ነው። ይስቃል፤ ግን ያፍራል። የባሴም ቀልድ ብልግና የተሸፈነባቸው ቃላት ይበዙበታል፤ ከእናትና ከልጅ ጋር ተቀምጦ ለማየት ያስቸግራል። ይህ ወገን ፖለቲካውን ሳይሆን አነጋገሩን ነው የሚነቅፈው። ይህ ነቀፋ ያን ጊዜ ቀላል ይመስል ነበር። በኋላ ግን ሌሎች ትልልቅ ምክንያቶች የሚሸሸጉበት ጥላ ሆነ።

ማርች 30 ቀን 2013 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ የእስር ትእዛዝ አወጣበት። ክሱ እስልምናን መሳደብና ፕሬዚዳንቱን ማዋረድ የሚል ነበር። ባሴም በማግስቱ በራሱ እግር ሄደ። ሲሄድ ጭንቅላቱ ላይ ምን አጥልቆ ነበር? ያንን ግዙፍ ባርኔጣ። ውስጥ ሆኖም መቀለዱን አላቆመም፤ ፖሊሶችና ጠበቆች አብረውት ፎቶ ለመነሳት እንደሚሻሙ፣ የተጠራውም ለዚሁ ሳይሆን እንደማይቀር በትዊተር ጻፈ። ለሰዓታት ከተጠየቀ በኋላ በ15 ሺህ የግብፅ ፓውንድ ዋስ ወጣ። ደጋፊዎቹ ደጅ ሆነው ተቀበሉት። ጆን ስቱዋርት በአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከራከረለት። ፕሮግራሙን ለማስዘጋት አንድ ጠበቃ ያቀረበውን ክስ ፍርድ ቤት ውድቅ አደረገው። ባሴም በሚቀጥለው ዓርብ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያስፈልጋል። መንግሥት ከሰሰው፤ ክሱ ግን ፕሮግራሙን አልገደለውም። እንዲያውም አገነነው። ምክንያቱም በርካታ ተመልካች ክሱን በራሱ ላይ እንደመጣ ቆጥሮት ነበር።

ለኢትዮጵያውያንም ያ ወቅት የሚረሳ አይደለም። ኢትዮጵያ በሜይ 2013 መጨረሻ የዓባይን ውኃ ለሕዳሴው ግድብ ግንባታ አቅጣጫ ካስቀየረች በኋላ፣ ጁን 3 ቀን ሙርሲ የአገራቸውን ፖለቲከኞች ቤተ መንግሥት ሰብስበው መከሩ። ተሰብሳቢዎቹ ስብሰባው በቀጥታ እየተላለፈ መሆኑን አላወቁም። አንዱ አማፂዎችን እንርዳ አለ፤ ሌላው የጦር አውሮፕላን ልንገዛ ነው የሚል ወሬ እንንዛ አለ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ተመልካች በከፊል ተቆጣ፤ በከፊል ሳቀ። ካይሮ የተቀመጠው ግን አፈረ። ከፕሬዚዳንቱ አማካሪዎች አንዷ ለተሰብሳቢዎቹ ቀድመው ባለመንገራቸው ይቅርታ ጠየቁ። አንድ ስርጭት ነው፤ እንደ ተመልካቹ መቀመጫ ግን ቀልድም፣ ስድብም፣ ውርደትም ሆነ። ስላቅም እንዲሁ ነው። ትርጉሙ የሚቆረጠው ተመልካቹ በተቀመጠበት ነው።

ቀልዱ ሲዞር

ጁን 30 ቀን 2013 በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ሙርሲ ይውረዱ ብሎ አደባባይ ወጣ። ጁላይ 3 ጦሩ አነሳቸው። ኦገስት 14 ቀን የጸጥታ ኃይሎች ካይሮ ራባዓ አደባባይ የተቀመጡትን የሙርሲ ደጋፊዎች በኃይል በተኑ፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያ ቀን ቢያንስ 817 ሰዎች መገደላቸውን ዘግቧል።

ባሴም በእነዚህ ወራት ከስክሪን ርቆ ነበር። በጋዜጣ ዓምዱ ላይ ግን አሸናፊው ወገን ተሸናፊውን ከሰው በታች ማየት መጀመሩን ተቸ። ይህ ብቻውን ከሁለቱም በኩል ወቀሳ አመጣበት። የሙርሲ ወገኖች «መንገዱን የጠረግከው አንተ ነህ፤ ወንድሞቻችን ሲሞቱ የት ነበርክ?» አሉት። የጦሩ ወገኖች ደግሞ «አሁን ደግሞ ለእነሱ ልትራራ ነው?» አሉት።

ኦክቶበር ላይ ሲመለስ ያ የቀድሞ ተመልካቹ ሦስት ዓይነት ቅሬታ ይዞ ጠበቀው።

የመጀመሪያው «ጊዜው አይደለም» የሚል ነው። አገር ከአሸባሪ ጋር እየተዋጋች፣ ወታደር በሲና እየሞተ፣ ቀልድ ምን ይሉት ነገር ነው?

ሁለተኛው «ጦሩ እንደ ፖለቲከኛ አይታይም» የሚል ነው። ፕሬዚዳንት ይተቻል፤ ጦር ግን የአገር ክብር ነው።

ሦስተኛው ያው አሮጌው ነው፦ «አፉ ባለጌ ነው»። የሚገርመው ግን በሙርሲ ላይ ሲሆን ያው አፍ «ደፋር» ይባል ነበር።

እነዚህን ቅሬታዎች ከስድስት ወር በፊት የሙርሲ ደጋፊዎች ካሰሙት ጋር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል። እነሱም «ጊዜው አይደለም፣ አገር ገና በሽግግር ላይ ናት» ብለው ነበር። እነሱም «ይህ የማይነካ ነው» ብለው ነበር፤ የማይነካው ነገር ብቻ ነው የተለየው። ያኔ በእነዚህ ቃላት ሲስቅ የነበረ ሰው አሁን ራሱ ቃል በቃል ደገማቸው።

ለፍትሐዊነት ሲባል አንድ ነገር መባል አለበት። ፕሮግራሙን ያገደው ተመልካቹ አይደለም። ጣቢያ የባለሀብት ነው፤ ባለሀብቱ ጥቅም አለው፤ በጊዜው የነበረው ኃይልም ማንም የሚያውቀው ነው። ዝም ካለው ተመልካች ብዙው የፈራ ነው፤ የሚያስፈራም ነገር ነበር። ሆኖም ባለሥልጣንም ሆነ ባለሀብት እጁን ከመሰንዘሩ በፊት ዙሪያውን ያያል። በማርች ሲያይ በባሴም ዙሪያ የተሰለፈ ሕዝብ ነበር። በኖቬምበር ሲያይ ከቲያትር ቤቱ ደጅ የጄኔራሉን ፎቶ ይዘው የሚጮኹ ሰዎች አገኘ። በቀልደኛውና በዱላው መካከል ቆሞ የነበረው ግድግዳ ተመልካቹ ነበር። ግድግዳው ሲፈርስ ዱላው ለመድረስ ብዙ አልተቸገረም።

ቆጠራው

ነገሩ እዚያ አላበቃም። በፌብሩዋሪ 2014 ባሴም ኤምቢሲ ምስር በተባለው፣ ባለቤቶቹ ሳዑዲዎች በሆኑት ጣቢያ ተመለሰ።

በዚያው ወር አንድ ጉድ ተሰማ። የግብፅ ጦር የጉበት ቫይረስን «ሄፓታይተስ ሲ» እና ኤድስን የሚያድን መሣሪያ መሥራቱን በቴሌቪዥን አወጀ። አንድ ጄኔራል ኤድስን ከበሽተኛው አውጥተው በሥጋ ጥብስ፣ በኮፍታ፣ መልክ መልሰው እንደሚያበሉት ተናገሩ። ሕክምናው ጁን 30 ቀን 2014 እንደሚጀመርም ቀን ተቆረጠ።

ነገሩ ለሚስቅ ያስቃል። ግብፅ ግን በዚያ ጊዜ በሄፓታይተስ ሲ ስርጭት ከዓለም ቀዳሚ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች። ቤታቸው ተኝተው ጁን 30ን የሚጠብቁ እውነተኛ በሽተኞች ነበሩ። የአገሪቱ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ዜናውን በእልልታ ተቀበሉት። ሐኪሙ ባሴም ግን ጉዳዩን አልለቀቀውም። በየሳምንቱ ያነሳዋል፤ ሕክምናው ሊጀመር ቀርቷል የተባለውንም ቀን ለተመልካቹ ይቆጥራል።

እዚህ ላይ የስላቅ ጥቅም ከሳቅ አልፎ ይታያል። ፓርላማ በሌለበት፣ ጋዜጣ አፉን በዘጋበት፣ ሐኪሞች ለመናገር በሚፈሩበት አገር «ያላችሁት ቀን ስንት ቀረው?» ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ የሳምንት ፕሮግራም ነበር። ጠያቂው ቀልደኛ መሆኑ ጥያቄውን አያቀለውም።

በኤፕሪል ኤምቢሲ ፕሮግራሙን ለጊዜው አቆመ። የተሰጠው ምክንያት የፕሬዚዳንት ምርጫው ደርሷልና የመራጩን አስተያየት ላለመጫን የሚል ነው። ምርጫው በሜይ መጨረሻ ተካሄደ፤ ሲሲ 97 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አሸነፉ። ጁን 2 ቀን 2014 ባሴም ጋዜጠኞችን ጠርቶ ፕሮግራሙ እንደማይመለስ ተናገረ። የወቅቱ አየር ለፖለቲካ ስላቅ እንደማይመች፣ ለራሱም፣ ለቤተሰቡና ለባልደረቦቹም ደኅንነት እንደሚሰጋ ገለጸ። ቀልዱን አለስልሶ ከመቀጠል ማቆም እንደመረጠም አስታወቀ።

ጁን 28 ቀን ጦሩ መሣሪያው ተጨማሪ ሙከራ ያስፈልገዋል ብሎ ሕክምናውን አራዘመ። ጁን 30 መጣ፤ አለፈ። ቆጣሪው ግን ከስክሪን ከጠፋ ሁለት ወር አልፎት ነበር። በጄኔራሉ ላይ የተቀለደው ቀልድ የበዛበት ተመልካች፣ በሽተኛው ቀን ሲቆጥር አብሮት የሚቆጥር ሰው አጣ።

ለንደን፣ 1962

ምርጫን ምክንያት አድርጎ ስላቅን ከስክሪን ማውረድ የካይሮ ፈጠራ አይደለም። የዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም አያት የሚባለውም በተመሳሳይ ምክንያት ነው የወረደው።

ኖቬምበር 24 ቀን 1962፣ ባሴም ሲቢሲ ላይ ከመጀመሩ 50 ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ማለት ነው፣ ቢቢሲ ቅዳሜ ማታ አምሽቶ አንድ አዲስ ፕሮግራም አቀረበ። ስሙ «ያ ነበር ያለፈው ሳምንት» እንደማለት ነው። አቅራቢው ዴቪድ ፍሮስት ገና 23 ዓመቱ ነበር። የሳምንቱን ዜና እያነሱ ሚኒስትሩን፣ ቤተ ክርስቲያኑን፣ ቤተ መንግሥቱን ይተርባሉ። ከዚያ በፊት የብሪታንያ ቴሌቪዥን ፖለቲከኛን የሚያናግረው «ጌታዬ ይፈቅዱልኝ ይሆን?» እያለ ነበር።

ተመልካቹ እስከ 12 ሚሊዮን ደረሰ። ቅሬታውም አብሮ አደገ። ስለ ሃይማኖቶች የቀለደ ክፍል የተቃውሞ ደብዳቤና ስልክ አዘነበ። አዲሱን ጠቅላይ ሚኒስትር የተረበ ክፍልም እንዲሁ። አንድ ጊዜማ የስቱዲዮ ታዳሚ የነበረ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ከአቅራቢዎቹ አንዱን፣ በርናርድ ሌቪንን፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ በቡጢ መታው። ምክንያቱ ፖለቲካ እንዳይመስላችሁ፤ ሌቪን የሰውየውን ሚስት የመድረክ ሥራ በጋዜጣ አጣጥሎ ነበር። ሰው በሌላው ላይ ሲቀለድ ሳቁን ይችላል፤ ቀልዱ ቤቱ ሲገባ ግን እጁ ይቀድማል።

የጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ከማንም በላይ የተተረቡት ናቸው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሚኒስትር በጻፉት ማስታወሻ፣ እሳቸውን ሳያማክሩ በፕሮግራሙ ላይ እርምጃ እንዳይወሰድ አሳሰቡ። መሳቂያ መሆን ከመረሳት ይሻላል የሚል ነበር ሐሳባቸው።

ፕሮግራሙ የመጨረሻ ክፍሉን ያቀረበው ዲሴምበር 28 ቀን 1963 ነው። ቢቢሲ ያቀረበው ምክንያት መጪው 1964 የምርጫ ዓመት መሆኑ ነበር። እስከዚህ ድረስ ከካይሮ ጋር ይመሳሰላል። ከዚህ በኋላ ግን ይለያያሉ። በ1964 መጨረሻ፣ ምርጫው እንዳለፈ፣ የዚያው ቡድን ሰዎች በሌላ ስም ወደ ቢቢሲ ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ የብሪታንያ ቴሌቪዥን የፖለቲካ ስላቅ አጥቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። በግብፅ ቴሌቪዥን ግን የባሴም ወንበር ባዶ ቀረ።

ልዩነቱ የሕግና የተቋም ነው፤ ይህ አይካድም። ግን የተመልካችም ነው። የብሪታንያ ተመልካች ወግ አጥባቂዎቹ ሲተረቡ ሳቀ፤ ሠራተኞቹ ሥልጣን ሲይዙም ያው ተረብ እንዲደርሳቸው ጠበቀ። ቀስ በቀስም ተረብ የአንድ ፓርቲ መሣሪያ ሳይሆን ሥልጣን ላይ የወጣ ሁሉ የሚከፍለው ግብር ሆኖ ተቆጠረ።

የእኛም ቤት

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር በ1910ዎቹ፣ በሩሲያና በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ደርሰው ለመኳንንቱ አሳዩ። ተዋንያኑ አውሬዎች ናቸው፤ ተረቱ ግን የጊዜውን አስተዳደር ይነካል። የአገራችን የመጀመሪያ የተውኔት ተመልካች ያ የተሰበሰበው መኳንንት ነበር። መድረኩ ላይ ራሱን አየ፤ አልወደደውም። ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ የአማርኛ ተውኔት ዳግም መድረክ ላይ የወጣው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው።

በሌላ በኩል የዚህችው አገር ነገሥታት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ እንደነበር ይነገራል። እረኛው በዜማ የሚለው፣ አዝማሪው በሰምና ወርቅ የሚያስተላልፈው፣ አለቃ ገብረ ሐና በጨዋታ የሚወጉት ነገር በግልጽ የማይነገር እውነት የሚወጣበት መስኮት ነበር። ብልህ ገዥ መስኮቱን አይዘጋም፤ ማክሚላን ያሉትም ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

ሁለቱም ልማዶች የእኛው ናቸው። መስኮቱን ክፍት የሚያደርገውም፣ የሚዘጋውም። ዛሬ አንድ ቀልደኛ ስለ አንድ ባለሥልጣን ሲቀልድ ቪዲዮውን ለመቶ ሰው የሚያጋራው ሰው፣ ያው ቀልደኛ በሚቀጥለው ሳምንት የእሱን ወገን ሲነካ «ለማን ተገዝቶ ነው?» ብሎ ለመጻፍ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል?

ተመልካቹ ሲመለስ

ባሴም በኖቬምበር 2014 ከግብፅ ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ከሲቢሲ ጋር በነበረው የግልግል ክርክር እሱና የፕሮዳክሽን ድርጅቱ 100 ሚሊዮን የግብፅ ፓውንድ እንዲከፍሉ ተወስኖባቸው ነበር። ፕሮግራሙን ያቋረጠው ጣቢያ ነው ካሳ የተፈረደለት። ባሴም አሜሪካ ገብቶ በእንግሊዝኛ መቀለድን እንደ አዲስ ተማረ።

በኦክቶበር 2023 ስለ ጋዛ ጦርነት በአንድ የብሪታንያ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ጠያቂውን ፒርስ ሞርጋንን በስላቅ ሲያፋጥጥ፣ ቪዲዮው በዩቲዩብ ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ታየ። በመላው አረብ አገር አጨበጨቡለት። በ2013 «ባለጌ» ሲሉት ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ «የእኛ ልጅ» አሉት። ሰውየው አልተለወጠም፤ ያው ቅንድብ፣ ያው አነጋገር ነው። የተለወጠው የተቀለደበት ነው።

እንግዲህ ያጨበጨበው ተመልካች የት ገብቶ ነበር ቢባል፣ የትም አልገባም ነበር። ቀልዱ ከራሱ ደጃፍ እስኪርቅለት ድረስ ቤቱ ተቀምጦ እየጠበቀ ነበር።